የሽፋሽፍት ቆጠራ

ጅጅጋ የተመደብኩት ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ ከተማው ገና ጣሪያውን እየመለሰ ሳለ ነው። የምደባ ደብዳቤዬ «ለሁለት ዓመት» ይላል። ከአሥር ዓመት በላይ ቆየሁ። ደብዳቤውን የፈረሙት ሰውዬ በዚያ መካከል ሦስት ጊዜ ተዛውረዋል።

በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የዐይን ሐኪሞች ብንሰበሰብ አንድ አውቶብስ አንሞላም ነበር። ስብሰባ ላይ የምሥራቁ ነገር ሲነሳ «እዚያ ሰው አለን» ይባላል። ሰው የተባለው እኔ ነበርኩ።

የተሰጠኝ የኦፕራሲዮን ክፍል ሁለት መስኮት አለው። መስታወቱ በጦርነቱ ስለረገፈ ላስቲክ ተወጥሮበታል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ላስቲኩ እየተርገበገበ አቧራ ያስገባል፤ ስለዚህ ቀዶ ጥገና የምንሠራው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ተመላላሽ በሽተኞች እናያለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማው ጫት ላይ ስለሚቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ የምናየው ባዶ አግዳሚ ወንበር ነበር።

እዚያ ያገኘሁት ረዳት ድሮ በጦር ሠራዊት ቁስል የሚያሽጉ ድሬሰር የነበሩ፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ማዕረጋቸው ስማቸው ሆኖ ሁሉም «ሃምሳ አለቃ» ይላቸዋል። ቤተሰባቸው ደብረ ብርሃን ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ በየዓመቱ ጥር ላይ «ምትክ ሲገኝ» የሚል መልስ ይደርሳቸዋል። እሱን ፋይላቸው ውስጥ በሥርዓት ያስገባሉ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ዶክተር ስለሆንኩ እሳቸውም አንቱ ይሉኛል። ሰው ሲሰማን አዲስ የተዋወቅን እንመስል ነበር።

ሥራችን በአብዛኛው ትራኮማ ነው። ትራኮማ የዐይንን ቆብ ከውስጥ በኩል ዓመታት ፈጅቶ ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ሲደርቅ ቆቡ ይሸበሸብና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም አብሮ ይዞርና ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። ሰውየው ዐይኑን በጨፈነና በከፈተ ቁጥር ራሱን በራሱ ይቧጭራል። ውሎ አድሮ ብሌኑ ነጭ ይለብሳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም። የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ከልጆቻቸው ጋር ስለሚውሉ በሽታው አይለቃቸውም። ግመል ከሚያረባው አገር የሚመጡት ሴቶች ወረንጦ በክር አንጠልጥለው አንገታቸው ላይ ያስራሉ። ሽፋሽፍት በቆረቆራቸው ቁጥር አንድ ጎረቤት ተቀምጣ ትነቅልላቸዋለች።

ቀዶ ጥገናው ለማስረዳት ቀላል ነው። ቆቡን በማደንዘዣ አደንዝዘህ፣ ከጠርዙ ትንሽ ከፍ ብለህ ትቆርጠዋለህ፤ ጠርዙን ወደ ውጭ ታዞርና በሦስት ቦታ ትሰፋዋለህ። የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። በሽተኛው ስለበዛብኝ ሃምሳ አለቃን አስተማርኳቸው። ሁለት ሳምንት አጠገባቸው ቆምኩ። እጃቸው ወፍራም ነው፤ ግን አይንቀጠቀጥም። አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩላቸውም። መቁረጫውን ከዐይን ጥግ እስከ ዐይን ጥግ ይነዱታል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ጥጉን አይንኩ። ደም ሥር አለ።»

«እሺ ዶክተር።»

ትምህርት ቤት የተማርኩት እንዲያ ነበር። ጥጉ ጋ ሳትደርስ ታቆማለህ፤ ደም አይፈስም፤ ሥራው ንጹሕ ሆኖ ያምራል። የእኔ በሽተኞች ከአልጋ ሲወርዱ ፊታቸው ላይ ጠብታ ደም አይታይም ነበር። በዚህ እኮራ ነበር።

የጥናቱ ነገር የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር አንድ ካርቶን ሙሉ ቅጽ ላኩልኝ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከተሠሩት ሰዎች ውስጥ ከዓመት በኋላ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ወደ ውስጥ የዞረባቸው ስንቶቹ ናቸው? መልሱን ማንም አያውቅም ነበር። እኔም ሁልጊዜ ቆራጭ ከመሆን አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው መሆን አማረኝና ተቀበልኩ። በቅጹ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር የሚል ቦታ አለ። የመጀመሪያዋን በሽተኛ የቤት ቁጥሯን ጠየቅኳት። አስተርጓሚው ለረጅም ጊዜ አነጋገራትና «ግመሎቹ ያሉበት ነው ትላለች» አለኝ። እንደነገረኝ ጻፍኩ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ አብዛኛው ሰው እዚያው አድራሻ እንደሚኖር ተረዳሁ።

ዓመቱ ሲሞላ የመጡት የከተማ ሰዎች ናቸው፤ የአስተማሪ ሚስት፣ የፖሊስ እናት፣ ከመሃል አገር የመጡ ነጋዴዎች። ደህና ነበሩ። የቀሩት ግን የውሃ ሽታ ሆኑ። በሪፖርቴ ላይ «ተመልሰው የመጡት ሁሉም ማለት ይቻላል በደህና ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ ቀይ እስክሪብቶ ተጠቅመው ከሥሩ አንድ መስመር ጨምረው መለሱልኝ። «ያልመጡትስ?» ይላል።

ተናደድኩ። ያልመጡት የቀሩት ስለዳኑ ነው ብዬ አስብ ነበር። የዳነ ሰው ሆስፒታል ምን ያደርጋል?

ያልመጡትን ያገኘሁት ወተት ልገዛ ሄጄ ነው። ገበያው ውስጥ የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ሁሉም ሰው «ኤዶ» ይላታል፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ትልቅ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከሰውነቷም ይተልቃል። ወተቱን የሚያመጡላት ሴቶች ከየገጠሩ በጭነት መኪና ስለሚመጡ የማን ግመል የት እንደዋለ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደተፋታ ታውቃለች። ሁለቱንም ዐይኗን የሠራኋት እኔ ነኝ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ አንተና አንቺ ይበቃዋል፤ አንቱ የሚባል ነገር አልደረሰበትም።

ያን ቀን ስደርስ ጎንበስ ብላለች። ከጎኗ የምትሸጠዋ ሴት አገጯን ይዛ ወረንጦ ከዐይኗ ላይ ታነሳለች። ኤዶ እኔን ስታይ ወረንጦውን ቀምታ ከሻሿ ሥር ከተተችው።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ኤዶ፣ አሳዪኝ።»

አላሳየችኝም፤ ግን ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር። ከቀኝ ዐይኗ ጥግ ሦስት ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞረዋል። ግራውም እንደዚያው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

የወተት መቅጃዋን ወለወለች፤ ከዚያ ደግማ ወለወለችው። «አንተ እንግዳ ነህ» አለችኝ። «ከአገርህ አንስተው እዚህ ጣሉህ። ሚስት የለህ። ነፋሱ ይመታሃል። በዚህ ላይ ደግሞ ሥራህ ተበላሸ ልበልህ? ያሳፍራል።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹም አፍረውልሃል» አለች።

ወተቱን ሳልገዛ ሄድኩ። መንገድ ላይ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ነገር እፍረት አልነበረም፤ እፍረቱ ከሁለት ቀን በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ ያሰብኩት ፕሮፌሰሩ ትክክል ናቸው የሚለውን ነበር። ይህ ደግሞ ከእፍረቱ ይብሳል።

በሦስተኛው ቀን ኤዶ ራሷ ሆስፒታል መጣች። ቅጾቼን አሳየኋትና ሰዎቹን የት እንደማገኛቸው ጠየቅኳት። የቤት ቁጥሩን ቦታ አስተርጓሚው ሲያነብላት ሳቀች።

«ቤታቸውን ምን ያደርግልሃል? ቤታቸው ግመል ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ውሃው ግን አይሄድም። ጅላል ሲገባ ሁሉም ጉድጓዱ ጋ ይመጣል። አንተም እዚያ ተቀመጥ።»

ጅላል የበጋው ወራት ነው። ከጅጅጋ ወደ ሰሜን ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ሜዳ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የማይደርቁ ጉድጓዶች እንዳሉ ነገረችኝ። አብሬ እሄዳለሁ አለች። ማን ማን መሆኑን አንተ አታውቅም፤ እኔ ግን በጀርባቸውም አውቃቸዋለሁ አለችኝ።

ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የሚሰጡት አንድ ሻለቃ ናቸው።

«ጓድ ዶክተር፣ የጉዞው ዓላማ ምንድን ነው?»

«በሽተኞቼን ለማየት ነው።»

«ታመዋል?»

«አላውቅም። እሱን ለማወቅ ነው የምሄደው።»

«ካልታመሙስ?»

«ደስ ይለኛል።»

ሻለቃው ወረቀቱን አዞሩት። «ምናቸውን ነው የሚያዩት?»

«ሽፋሽፍታቸውን። ወደ ውስጥ የዞረ ስንት እንደሆነ እቆጥራለሁ።»

«ለዚህ መኪና ከነሹፌሩ፣ ነዳጅና ሦስት ሰው?»

«አዎ።»

ሻለቃው ወረቀቱን መልሰው አዞሩት። ከሰጧቸው ይለፎች ሁሉ ጉዳት የማያስከትለው ይህ ሳይመስላቸው አልቀረም። ጸሐፊዋን ጠርተው አስጻፉ። «የጉዞው ምክንያት፤ የሽፋሽፍት ቆጠራ።» ማህተም መቱበት። መንገድ ላይ ባሉት ሁለት ኬላዎች ወታደሮቹ ወረቀቱን አንብበው ቀና ብለው ዐይን ዐይናችንን አዩን። አንደኛው «የእኛንም ትቆጥራላችሁ?» አለ። ባትሪ አውጥቼ አየሁለት። ጤነኛ ነው። ደስ ብሎት ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ጉድጓዱ ጋ አራት ቀን ተቀመጥን። ግራር ሥር ጠረጴዛ ዘረጋን። ወንዶቹ ጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ውሃውን እየዘፈኑ ያቀባብላሉ፤ ግመሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከሆስፒታላችን ይልቅ ሰልፍ የሚከበረው እዚያ ነበር። ኤዶ አንድ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ትጣራለች። ስም ትጠራለች፣ የአባት ስም ትጠራለች፣ አልመጣ ያለችውን ደግሞ የምታሳፍራትን ነገር ጨምራ ትጠራለች። ሁሉም ይመጣሉ።

አንድ ነገር ላይ ተጠንቅቄ ነበር። ማንን ማን እንደሠራ የሚናገረውን መዝገብ ጅጅጋ ቆልፌበት ነው የመጣሁት። ሳይ ለማንም እንዳላደላ ብዬ ነው። በልቤ ግን ያደላሁት አስቀድሜ ነበር፤ መጥፎውን ሳይ «የሃምሳ አለቃ ነው» እላለሁ፤ ጥሩውን ሳይ ዝም እላለሁ። ሃምሳ አለቃ አጠገቤ ተቀምጠው የምላቸውን ይጽፋሉ። «ቀኝ፣ ምንም የለም። ግራ፣ አራት፣ ጥግ ላይ።» ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙታል፤ ይጽፉታል።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ግራ ዐይኗን በባትሪ አየሁት። ብሌኑ እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭ ሆኗል። ከዚያ በላይ መናገር የሚያስፈልገኝ አልነበረም፤ ግን ሃምሳ አለቃ እስክሪብቶ ይዘው ይጠብቃሉ።

«ግራ» አልኩ። «ጠፍቷል።»

«ጠፍቷል» አሉና ጻፉት።

ሴትየዋ አንድ ነገር ተናገረች። ኤዶ አስተረጎመችልኝ። «ከተሰፋች በኋላ ደህና ነበር። ከዚያ ፀጉሩ ተመለሰ። የሚነቅልላት ሰው አልነበረም፤ ወንዶቹ ብቻ ናቸው አብረዋት የነበሩት። አሁን አንድ ነገር ነው የምትጠይቅህ።»

«ምን?»

«ሌላኛው ይተርፋል ወይ ነው የምትለው።»

ሌላኛው ዐይኗም ጥግ ጥጉ ላይ ጀምሮታል። ይተርፋል አልኳት። ቀጠሮ ሰጠኋት፤ ያለ ወረቀት፣ በአፍ፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ከወተት መኪና ጋር ትምጣ አልኩ። ስትሄድ ሕፃኑ ወደ ኋላ ዞሮ ያየኝ ነበር። የዚያን ቀን ሌላ ሰው አላየሁም። ለኤዶ ራሴን አሞኛል አልኳት። ፀሐይ ነው ብላ ወተት ሰጠችኝ።

ጅጅጋ ስንመለስ መዝገቡን ከፈትኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ኮሪደሩ ውስጥ ሰው የለም። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ እኔ፣ ሃምሳ አለቃ። ሽፋሽፍት የተመለሰበትን እያንዳንዱን ሰው በየቦታው ምልክት እያደረግኩ ሄድኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ ዓምዶቹን አቀያይሬ የጻፍኩ መሰለኝና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አላቀያየርኩም። ሦስተኛ ጊዜ ቆጠርኩ። የእኔ ዓምድ ከሳቸው ዓምድ እጅግ ይረዝማል።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እሳቸው ወስደው ይሆናል አልኩ። ተመለከትኩት። ሽማግሌዎቹንና ቆባቸው ክፉኛ የተጎዳውን የሰጠኋቸው ራሴ ነኝ፤ ስለሚያደክመኝ። ሕፃን ያዘለችውን ሴት ስም ፈለግኩ። የእኔ ናት።

ሃምሳ አለቃን ጠራኋቸው። ቆመው ጠበቁኝ፤ እንዲቀመጡ አደረግኩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሲቆርጡ እስከየት ድረስ ነው የሚሄዱት?»

«እንዳሉኝ ነው።»

«እውነቱን ይንገሩኝ። አልቆጣም።»

ጣሪያውን አዩ። «እስከ ጥጉ።»

«አይንኩ አላልኩዎትም?»

«ብለዋል።»

«ታዲያ?»

«እሺ ብያለሁ።»

ወታደር ቤት ውስጥ «እሺ» ማለት ሰምቻለሁ ማለት እንጂ አደርገዋለሁ ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ደም ሥሩስ?»

«ይደማል። ጫን አድርገው ሲይዙት ይቆማል።»

«ግን ለምን? ለምን እስከ ጥጉ?»

ሱሪያቸውን ከግርጌው ይዘው አሳዩኝ። ሠራዊት ውስጥ ሳሉ የክፍሉን ልብስ ይጠግኑ ነበር። ጨርቅ ሲታጠፍ መሃሉን ብቻ አጥፈህ ብትሰፋው ዳር ዳሩ ይመለሳል፤ ጎትቶ ጎትቶ መሃሉንም ይመልሰዋል አሉኝ። ቆብም ያው ነው። «ልነግርዎት አስቤ ነበር» አሉ። «ግን እርስዎ ተምረው ነው የመጡት።»

አልተቆጣሁም። ልቆጣ ብፈልግም የምቆጣበት ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ከራሴ በቀር።

ማታውኑ ለፕሮፌሰሩ ጽፌ፣ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ወረቀቱን አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አነበቡት። ጥሩ ሥራ ነው አሉ፤ የተሠሩ ሰዎችን ጉድጓድ ዳር ተቀምጦ የጠበቀ ማንም የለም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ድሬሰር የሚለውን ዓምድ ምን ልናደርገው ነው?»

«እንዳለ ይግባ።»

«ድሬሰር ዐይን ይቁረጥ ያለው ማነው ብለው ይጠይቁናል።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«የሚቀጥለው ጥያቄ ደግሞ ስለ አንተ ነው» አሉኝ። «ሁለቱን ዓምዶች አንድ ላይ ደምራቸውና ‹ቀዶ ሐኪሞቹ› በል። ማንም አይጎዳም።»

ማንም አይጎዳም የሚለው ነገር ያችን ሴት አስታወሰኝ። ሁለቱ ከተደመሩ ጥናቱ የሚያስተምረው ነገር አይኖርም አልኳቸው፤ ያወቅነው ብቸኛ ነገር ልዩነቱ ነው። ተከራከርን። ሻይ መጥቶ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ዓምዶቹ ለየብቻ እንዲቆዩ ተስማሙ፤ እኔ ደግሞ በሌላው ተሸነፍኩ። ሃምሳ አለቃ ከጸሐፊዎቹ መካከል ስማቸው እንዲገባ ፈልጌ ነበር። ድሬሰር ጸሐፊ አይሆንም ተባለ። ከመጨረሻው ገጽ ላይ «ምስጋና» በሚለው ሥር፣ ከሹፌሩ ቀጥሎ ገቡ። እዚያ ላይ መጽናት ነበረብኝ። አልጸናሁም። ደክሞኝ ነበር፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጽሑፉ ታትሞ ሲመጣ ገጹን ገልጬ ሰጠኋቸው። መነጽር አድርገው ስማቸውን አዩ።

«ይህ ለዝውውር ይረዳል?» አሉኝ።

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ፋይል ውስጥ ላስገባው።»

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ ከጉድጓዱ እንደተመለስን ወዲያውኑ ያደረግነው ሌላ ነገር ነበር። ኤዶን ለድጋሚ ቀዶ ጥገና ጠራናት። አልጋው ላይ ከተጋደመች በኋላ ማን እንዲሠራት እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ሁለታችንንም አየችን።

«እሱ ይቁረጥ» አለች፤ ሃምሳ አለቃን ማለቷ ነው። «አንተ ያዝ።»

ያዝኩ። ቆቡን ገልብጬ ይዤ እሳቸው ሲቆርጡ አየሁ። ጥጉ ላይ ሲደርሱ ደሙ መጣ። ጫን አልኩት። ቆመ። ያን ያህል ዓመት የፈራሁት ነገር በጥጥ የሚቆም ነበር።

በሚቀጥለው ቀን እኔ ቆረጥኩ፤ እሳቸው ያዙ። እስክለምድ ድረስ ጥጉ አካባቢ እጄ ራሱን ያቆማል። «ትንሽ ይሂዱ ዶክተር» ይሉኛል። «ትንሽ ይሂዱ። አሁንም ትንሽ።» ያ ድምፅ ብዙ ወራት ከጆሮዬ አልጠፋም።

ሕፃን ያዘለችው ሴት ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አልመጣችም። ዝናቡ ገብቶ ወጣ፤ አልመጣችም። ኤዶ የወተት መኪናዎቹን ሁሉ ጠየቀችልኝ፤ ቤተሰቡ ሣር ፍለጋ ርቆ ወደ ድንበሩ ሄዷል ተባለ። በሚቀጥለው ጅላል እንደገና ይለፍ አወጣሁ። ሻለቃው ምክንያቱን አልጠየቁኝም፤ የአምናው ቆጠራ አልተጠናቀቀም እንዴ ብቻ አሉ። አልተጠናቀቀም አልኩ።

በዚያ ጉዞ መሣሪያ ይዘን ሄድን፤ ድንኳን ተከልን። የእኔ የነበሩትን አንድ በአንድ እየጠራን ደግመን ሠራናቸው። አንዳንዶቹ አንድ ጊዜ ተቆርጬ ሁለተኛ ምን ይሉታል ብለው ሄዱ፤ ልክ ነበሩ። ሴትየዋ በአምስተኛው ቀን መጣች። ሕፃኑ በእግሩ ይሄዳል። ቀኝ ዐይኗ ቀልቷል፤ ግን ብሌኑ ጥርት ያለ ነው። በዓመት ውስጥ የምትነቅልላት ሴት ባታገኝ ባሏን አስተምራው እሱ ሲነቅልላት ከርሟል። ባሏ ከግመሎቹ ጋር ቆሞ ነበር፤ ስመለከተው ወረንጦውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ።

እኔ ነኝ የሠራኋት። ከጥግ እስከ ጥግ። እጄ ራሱን አላቆመም። ስፌቱን ስጨርስ ድንኳኑ ውስጥ በጣም ሞቆ ነበር፤ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ። ደስታ ነው ለማለት ይከብደኛል። የአንድ ዐይኗ ነገር እንዳለ ነው፤ አይመለስም። ግን ተንፍሼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓመታቱ በፍጥነት ሄዱ። በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ሲነሳ ሕዝቡ ድንበሩን ተሻግሮ ሐርተሼክ ሰፈረ። ሜዳ የነበረው ቦታ በአንድ ወቅት ውስጥ ዳርቻው የማይታይ የጎጆና የላስቲክ ከተማ ሆነ። ውሃ በቦቴ ይመጣል። ነርሶች አሰልጥኑ ተባልን። ሃምሳ አለቃ የትምህርት መሣሪያ ብለው አሮጌ የወታደር ሱሪዎች ይዘው መጡ። ሰልጣኞቹ ከዐይን በፊት አንድ ሳምንት የሱሪ ግርጌ ሰፉ። መጀመሪያ እየሳቁ ነበር፤ በሳምንቱ መጨረሻ ማንም አይስቅም።

አንድ ከውጭ አገር የመጣ ሐኪም ሰፈሩን ሊጎበኝ መጥቶ ሥራቸውን ቆሞ አየ። ዘዴውን ከየት አገኛችሁት አለኝ። በጣቴ ሃምሳ አለቃን አሳየሁት። የት ነው የተማሩት አለ። የጦር ሠራዊት ልብስ ክፍል ብዬ ነገርኩት፤ አስተርጓሚው ግን ምን ብሎ እንዳስተረጎመው አላውቅም፤ ሐኪሙ በአድናቆት ጻፈው።

ዝውውራቸው የመጣው መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ጡረታቸውም በቀረበበት ዓመት ነው። ምትክ አልተገኘም፤ ዝም ብለው ፈቀዱላቸው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ስንብት አዘጋጀን። ሠራተኛው አዋጥቶ ብርድ ልብስ ገዛ፤ ደብረ ብርሃን ይበርዳል ተብሎ። ኤዶ ወተት አመጣች። አስተዳዳሪው ስለ ትጋት ተናገሩ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።

የጻፍኩትን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ተውኩት። በዚህ ሆስፒታል ከእኔ የተሻሉ ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ እኚህ ናቸው አልኩ። እጄን ያረሙኝ እሳቸው ናቸው፤ በታተመው ጽሑፍ ላይ ስማቸው ከስሜ በፊት መሆን ሲገባው ከሹፌሩ በኋላ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህም በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኩ። ማንም አላጨበጨበም፤ ምን እንደሚደረግ አላወቁም። ሃምሳ አለቃ ብርድ ልብሱን እንዳቀፉ ቆመዋል። ዐይናቸው ቀልቷል። ሹፌራችን ነበር መጀመሪያ ያጨበጨበው።

በማግስቱ ጠዋት አውቶብስ ተራ ሸኘኋቸው። ቦታቸው መስኮት አጠገብ ነው። ከአዲስ አበባ በኋላ ያለውን መንገድ ነገሩኝ፤ የትኛው አውቶብስ እንደሚያደርሳቸው፣ ማን እንደሚቀበላቸው። ሴት ልጃቸው አግብታለች፤ ሠርጓ ላይ አልነበሩም። ሞተሩ ሲነሳ እጃቸውን በመስኮቱ አወጡልኝ፤ ጨበጥኳቸው፤ አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ ጥቂት እርምጃ አብሬ ሄድኩ።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተመለስኩ። ሰባት ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም መሠራት አለባቸው። አዲስ የተመደበችልኝ ነርስ፣ ሐርተሼክ ከሰለጠኑት አንዷ ናት፣ የመጀመሪያዋን በሽተኛ አስገባች። እጄን ታጠብኩ።